ቢ1801፦ ክላክሱ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር

ቅዳሜ ጠዋት

ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቀይ የኤርባግ መብራት በርታ ቀረች። ቁጭ ያለ ሰው ከፊቱ ኳስ የታቀፈ የሚመስል ምልክት ያለባት። ኮንታክት ሲከፈት 6 ሰከንድ ያህል በርታ ትጠፋ ነበር። ዛሬ ሞተሩ ተነሳ፣ ሞቀ፣ እሷ ግን ፍንክች አላለችም።

ማስታወሻ ለመያዝ ወሰንኩ። ባለፈው አንድ ነገር ፈትቼ ስገጥም ሁለት ቡሎን ተርፎኛል። እስካሁን ከየት እንደወጡ አላውቅም። ኤርባግ ላይ እንዲህ ዓይነት ቀልድ አልፈልግም።

መኪናው የጃፓን ሥሪት ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2007 ሞዴል። ከስልኬ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ ትንሽ ኮድ ማንበቢያ አለችኝ። ሰካኋት። «ምንም ብልሽት የለም» አለችኝ። መብራቱ ፊቴ ላይ እየበራ! በኋላ እንደገባኝ፣ እነዚህ ርካሽ ማንበቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያናግሩት የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ኤርባጉ የራሱ የመቆጣጠሪያ ሳጥን አለው። እሱን የሚያናግር ስካነር ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ከሰዓት

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ስካነራቸውን አዋሱኝ። አንድ ኮድ ወጣ፦ ቢ1801። ትርጉሙ የሾፌሩ ኤርባግ ማቀጣጠያ መስመር ተቆርጧል ማለት ነው። እኔ ያነበብኩት ግን «የሾፌሩ ኤርባግ» የሚለውን ብቻ ነበር። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ የኤርባግ ዋጋ መፈለግ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ኤርባጉ ሞቷል መሰለኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ኮዱ።»

«ኮዱ የነገረህ መስመሩ ተቆርጧል ብሎ ነው። የት ጋ እንደተቆረጠ ነገረህ?»

«አልነገረኝም።»

«ክላክስህ ይሠራል?»

ዝም አልኩ። ክላክሱ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አንዳንዴ ይጮሃል፣ አንዳንዴ አይጮህም። ፊውዝ ቀይሬለት፣ እንደገና ሲጮህ «ተስተካከለ» ብዬ ትቼው ነበር። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ብዬ አላሰብኩም።

ጋሼ እንዲህ ብለው አስረዱኝ። የኤርባጉ ሳጥን ከማርሹ ፊት፣ ወለሉ ላይ ነው። ከዚያ ሁለት ሽቦ ይወጣና በዳሽቦርዱ ስር አልፎ መሪው አንገት ላይ ይደርሳል። እዚያ ቢጫ ሶኬት አለ። ከሶኬቱ በኋላ ሽቦው መዞር አለበት፣ መሪው ይዞራላ። ተራ ሽቦ ቢሆን ተጠምዝዞ ይበጠሳል። ስለዚህ ክሎክ ስፕሪንግ የሚባለው ክብ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ጠፍጣፋ ሪባን እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መሪው ሲዞር ይጠበባል ወይም ይሰፋል። ከዚያ ወጥቶ በሌላ ቢጫ ሶኬት ኤርባጉ ውስጥ ያለችው ማቀጣጠያ ጋ ይደርሳል። የክላክሱም መስመር በዚያው ሪባን ነው የሚያልፈው።

ማቀጣጠያዋ ኮረንትን የምትቋቋምበት መጠን 2 ኦም አካባቢ ነው። ሳጥኑ ምንም ሊያቀጣጥል የማይችል ኢምንት ኮረንት እየላከ ይህን መጠን ይጠብቃል። ወደ ዜሮ ከወረደ ቢ1800 ይጽፋል። ከልክ በላይ ከወጣ ቢ1801። ማሳ (የመኪናውን ብረት አካል) ከነካ ቢ1802፣ የባትሪ ፖዘቲቭ ከነካ ደግሞ ቢ1803። አራቱም ስለ መንገዱ ነው የሚናገሩት። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገሩም።

አንድ ወዳጄ «አምፖሏን ንቀላትና ተገላገል» አለኝ። መብራቷ በርታ ስትቀር ሳጥኑ «በግጭት ጊዜ በእኔ አትመኩ» እያለ ነው። አምፖሉን መንቀል አፉን መዝጋት ነው እንጂ ሕመሙን አያድንም።

እሑድ ጠዋት

መኪናው ያደረው መሪው ወደ ግራ ተጠምዝዞ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ነው። ለሥራ እንዲመቸኝ ወደፊት አውጥቼ ጎማዎቹን ቀጥ አደረግኳቸው። ይህን የምጽፈው ያለምክንያት አይደለም፣ ኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ኮንታክት ዘጋሁ። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሞርሴቶ ፈትቼ በጨርቅ ጠቀለልኩት። የመኪናው መጽሐፍ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቅ ይላል። ሌሎች አምራቾች ከዚህም ያስረዝሙታል። እኔ 10 ደቂቃ ጠበቅኩ። ሳጥኑ ውስጥ ካፓሲተር አለ። በግጭት መሃል ባትሪው ቢቆረጥ እንኳ ኤርባጉን የሚያፈነዳ ጉልበት ቋጥሮ ይይዛል። የጥበቃው ጊዜ እሱ ባዶ እንዲሆን ነው።

ከመሪው ግራና ቀኝ ትንንሽ ክዳኖች አሉ። ከሥራቸው የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች፣ ቲ30 ቁልፍ የሚወስዱ። ሙሉ በሙሉ አይወጡም፤ ቤታቸው ውስጥ እስኪይዙ ድረስ መፍታት ይበቃል። ይህን ሳላውቅ አንዱን ለማውጣት ሩብ ሰዓት ታገልኩ።

ኤርባጉ ሲላቀቅ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ አልዋሽም። ከመንካቴ በፊት የመኪናውን ብረት ነክቼ ነበር፣ በሰውነቴ ያለ ስታቲክ እንዲወርድ። ከኋላው የቢጫው ሶኬት መቆለፊያ አለ። ጫፏ በናስትሮ በተጠቀለለች ቀጭን ካቻቢቴ ወደ ላይ ገፋሁት። ጠቅ አለና ሶኬቱ ወጣ። የክላክሱን ሽቦም ነቀልኩ።

ኤርባጉን ይዤ የሄድኩት ፊቱን ከሰውነቴ አዙሬ ነው። ያስቀመጥኩት ደግሞ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ምንም ሳይኖር፣ ከሰው ርቆ። ተገልብጦ ቢፈነዳ እንደ ሮኬት ይነሳል። ባለቤቴ መጥታ «ይህ ነው እንዴ?» ብላ በጣቷ ልትነካው ስትል የጮህኩት ጩኸት እስካሁን ይወራል።

እዚያው ሳለሁ ሌላ ነገር አጣራሁ። በእነዚህ ዓመታት የተሠሩ ብዙ መኪኖች ታካታ የተባለው የጃፓን ድርጅት የሠራው ኤርባግ ችግር አለባቸው። በውስጡ ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ለዓመታት ሲጎዳ፣ ኤርባጉ በሚፈነዳበት ጊዜ የብረት ቤቱን ሊቀድና ፍንጣሪ ሊበትን ይችላል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ኤርባጎች እንዲመለሱ ጥሪ ተደርጎባቸዋል። ድርጅቱም በ2017 ለኪሳራ አመለከተ። የመኪናዬን የሻንሲ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁ። ጥሪ የለበትም። እንዲህ ዓይነት ኤርባግ ላይ መብራት አይበራም፣ ኮድም አይወጣም። በቁጥሩ መፈለግ ብቻ ነው መንገዱ።

እሑድ ከሰዓት

ኤርባጉን በቴስተር መለካት ክልክል ነው። ቴስተሩ ኦም የሚለካው የራሱን ኮረንት እየላከ ነው፤ ያ ኮረንት ማቀጣጠያዋን ሊነሳት ይችላል። ታዲያ ደህና መሆኑ እንዴት ይታወቃል? በቦታው ሌላ ነገር በመተካት። 2.2 ኦም ሬዚስተር (ኮረንት የምትቋቋም ትንሽ ዕቃ) ፈልጌ ሁለት እግሮቹ ላይ ቀጫጭን ፒኖች በየድኩ። ፒኑ ወፍራም ከሆነ የሶኬቱን ከንፈር ይከፍተዋል። ያኔ በራስህ እጅ አዲስ ብልሽት ትሠራለህ።

ሬዚስተሩን ከቢጫው ሶኬት ጋር አገናኘሁ። ሞርሴቶውን መለስኩ። ኮንታክት ከፍቼ ኮዱን አጠፋሁ። መብራቷ 6 ሰከንድ በርታ ጠፋች! አጥፍቼ ከፈትኩ፤ ጠፋች። አሁንም ደገምኩ፤ ጠፋች።

በቃ፣ ኤርባጉ ነው የሞተው። ሬዚስተሩን ሳጥኑ ተቀብሎታል፣ ኤርባጉን አልተቀበለውም። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አላልኩም? ኤርባጉ ነው።»

«መሪውን አዙረኸዋል?»

«አላዞርኩም። ቀጥ ነው።»

«ጠዋትስ መብራቱ ሲበራ እንዴት ነበር?»

ወደ ግራ ተጠምዝዞ ነበር። ሞተሩን አስነስቼ ቀስ ብዬ ወደ ግራ መጠምዘዝ ጀመርኩ። ግማሽ ዙር፣ ምንም። አንድ ዙር፣ ምንም። አንድ ዙር ተኩል ላይ መብራቷ ቦግ አለች። ስካነሩ፦ ቢ1801። ኤርባጉ ያለው ጠረጴዛው ላይ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ነው።

የኤርባጉን ዋጋ የፈለግኩበትን ገጽ ዘጋሁት።

ሰኞ ማታ

ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ብቻ ነበረኝ። ሞርሴቶ ፈታሁ፣ ጠበቅኩ። የመሪውን አንገት የታችኛውን ሽፋን አወረድኩ። ክሎክ ስፕሪንጉን ከወለሉ ሽቦ የሚያገናኘውን ቢጫ ሶኬት ነቀልኩ። ሬዚስተሩን ወደ ሳጥኑ በሚሄደው በኩል ሰካሁ። ባትሪ መልሼ ኮዱን አጠፋሁ። መሪውን ግራ ቀኝ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩ። የወለሉን ሽቦም በእጄ አወዛወዝኩ። ኮድ የለም።

እንግዲህ ሳጥኑ ደህና፣ የወለሉ ሽቦ ደህና፣ ኤርባጉ ደህና። የቀረው መሃል ያለው ነው።

ማክሰኞ ማታ

መሪ ማውረድ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጌ ሻፍቱና (መሪው የተሰካበት ዘንግ) መሪው ላይ በማርከር አንድ መስመር አሰመርኩ። 19 ቁልፍ ነው። ዳዶውን ከፈታሁ በኋላ ሁለት ሦስት ጥርስ መልሼ አስገባሁት። መሪው ሲላቀቅ በድንገት ነው የሚላቀቀው፤ ዳዶው ከሌለ ፊትህን ነው የሚያገኘው። ግራ ቀኝ እያወዛወዝኩ ሳብኩ። ግው ብሎ ዳዶው ላይ ቆመ።

ክሎክ ስፕሪንጉ በሦስት ክሊፕ ብቻ የተያዘ ነው። እጄ ላይ ሆኖ ሲታይ ምንም አይመስልም፣ መሃሉ የተበሳ ጥቁር ፕላስቲክ ሳህን። አሁን ከኤርባጉም ከሳጥኑም የተለየ ስለሆነ በቴስተር መለካት ይቻላል።

ታችኛው ሶኬት ላይ ሁለቱን የኤርባግ ፒኖች ለካሁ። ዜሮ። ሾርት ሆኗል! ግን ኮዱ የሚለው ተቆርጧል ነው። የላይኛው ጫፍ ምንም አልተገናኘበትም፣ ታዲያ ዜሮ ከየት መጣ? የቴስተሩን ባትሪ ቀየርኩ። እንደገና ዜሮ። ራሴን አሳከኝ።

ጋሼ ሲያዩት ሳቁ። «ልጄ፣ አንተን ለመጠበቅ የተሠራ ነው።» የእጅ ባትሪያቸውን ሶኬቱ ውስጥ አበሩ። ከፒኖቹ ጎን አንዲት ቀጭን ወርቃማ ምላስ አለች። ሶኬቱ ሲነቀል ሁለቱን ፒኖች አንድ ላይ ታገናኛለች፤ ሲሰካ ትነሳለች። ሶኬቱ በተነቀለበት ሰዓት የባዘነ ኮረንት ማቀጣጠያዋ ጋ እንዳይደርስ ነው። እኔ የለካሁት ሪባኑን ሳይሆን ምላሷን ነበር።

ከዚያ ያችኑ ምላስ ተጠቀምንባት። ታች ሁለቱ ሽቦዎች በእሷ ስለተገናኙ፣ ላይ ያሉትን ሁለት ጫፎች ስንለካ ኮረንቱ ሪባኑን ወርዶ ይመለሳል። መሃል ላይ 0.5 ኦም አነበበ። ጥሩ። ጋሼ መሃሉን ቀስ እያሉ ወደ ግራ አዞሩት። 0.5፣ 0.5፣ 0.6። ከዚያ ቁጥሩ ተወዛወዘና ተቆረጠ፣ ቴስተሩ «ኦ ኤል» አለ፣ መስመር የለም ማለት ነው። ትንሽ ወደ ቀኝ መለሱት፣ 0.5። ይህን አምስት ጊዜ አደረግነው። አምስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ተቆረጠ።

ረቡዕ

አሮጌውን ከፈትኩት። መጣሉ ካልቀረ ውስጡን ልየው ብዬ ነው። ሪባኑ እንደ ካሴት ክር ስስ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን፣ መሃሉ ላይ ጠፍጣፋ የመዳብ መስመሮች። አብዛኛው እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። መሃለኛው ክብ ላይ ከታሰረበት ጫፍ ግን ተወጥሮ ነጣ ብሏል። በማጉያ መነጽር አየሁት። አንዱ የመዳብ መስመር ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ። አጠገቡ ያለው መስመርም ግማሹ ሄዷል። ሪባኑን ወደ አንድ በኩል ሳጥፈው ስንጥቁ ይገጥማል፣ በሌላው በኩል ሳጥፈው ይከፈታል። ክላክሱ የሚመጣና የሚሄደው፣ መብራቷም መሪው ሲጠመዘዝ የምትበራው በዚህ ነበር።

ጫፉ ላይ መወጠሩ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ከወራት በፊት ስቲሪንግ ራኩ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል) ሲሠራ የመሪው ሻፍት ከታች ተፈትቶ ነበር። ሻፍቱ ሲፈታ መሪውን ልክ የሚያስገባው ነገር የለም። አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢያዞረው ሪባኑ እስኪወጠር ይዞራል። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ጊዜ መሪውን በቀበቶ ወይም በቴፕ ማሰር ይበቃ ነበር። እዚያ ቆሜ ቡና ስጠጣ አስታውሳለሁ። እኔም አላሰርኩትም፣ አላልኩምም።

በካውያ ብበይደውስ? አሰብኩት። ሪባኑ በቀን መቶ ጊዜ የሚታጠፍ ነገር ነው። የተበየደበት ቦታ ይደርቃል፣ ቀጥሎ የሚሰበረው አጠገቡ ነው። ለክላክስ ብቻ ቢሆን እሞክረው ነበር።

ሬዚስተሩን ለዘለቄታው ሶኬቱ ላይ ትተው መብራት የሚያጠፉም አሉ። ሳጥኑ ደህና ነኝ ብሎ ያምናል፣ ሾፌሩም ያምናል፣ መሪው ውስጥ ግን የሚፈነዳ ነገር የለም። ያንን ሠርቶ መኪናውን ለሌላ ሰው የሚሸጥ ምን ይባላል?

ቅዳሜ፣ ሁለተኛው ሳምንት

ያዘዝኩት አዲስ ክሎክ ስፕሪንግ መጣ፣ አልሆነም። ፎቶው አንድ ነው፣ ሶኬቱ ግን የራዲዮ ቁልፎቹ ፒን ይጎድለዋል። በሞዴል ዓመት ሳይሆን አሮጌው ላይ በተጻፈው ቁጥር ማዘዝ ነበረብኝ። መለስኩት። መኪናው ያለ መሪ ቆሟል።

ሐሙስ፣ ሦስተኛው ሳምንት

ትክክለኛው መጣ። መሃሉ እንዳይዞር በፒን ተቆልፎ ነው የሚመጣው፤ እስኪገጠም ድረስ አይነቀልም። እኔ ግን ከካርቶኑ ሳወጣው ፒኗ ወደቀች።

መፍትሔ አለው። መሃሉን በቀስታ ወደ ግራ እስኪይዝ አዞርኩ፣ ሳልጫን። ከዚያ ወደ ቀኝ 2 ዙር ተኩል። ሁለቱ ቀይ ምልክቶች ፊት ለፊት ገጠሙ። አሁን በሁለቱም በኩል እኩል ይዞራል። ይህ ካልተደረገ በአንድ በኩል ያጥርና የመጀመሪያው ሙሉ ጥምዝዝ ላይ ይበጠሳል።

ጎማዎቹ ቀጥ መሆናቸውን አረጋገጥኩ። ስፕሪንጉን ገጠምኩ፣ መሪውን አስገባሁ፣ ዳዶውን በ50 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩ። የኤርባጉን ሶኬት ጠቅ እስኪል ገፍቼ መቆለፊያውን ተጫንኩ። ሁለቱን ቲ30 ቡሎኖች አሰርኩ። ባትሪው የተመለሰው ሁሉ ነገር ከተሰካ በኋላ ነው። ኮንታክቱን የከፈትኩት በር ላይ ቆሜ፣ እጄን ከጎን ዘርግቼ ነው። ባለቤቴ በመስኮት ሆና «ይህን ያህል?» አለችኝ። አዎ፣ ይህን ያህል።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ጠፋች። የቆየውን ኮድ በስካነር ሰረዝኩ። መሪውን ግራ ቀኝ አሥር ጊዜ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩ። በየጫፉ ክላክስ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ዓርብ

መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። አንድ ጥርስ ስቻለሁ። ያሰመርኩት የማርከር መስመር የት ሄደ? ሻፍቱን በአልኮል ሳጸዳ ራሴው ጠርጌዋለሁ። በሹል ብረት ነበር መጫር የነበረብኝ።

ሞርሴቶ። 10 ደቂቃ። ቲ30። ቢጫው ሶኬት። 19 ቁልፍ። አንድ ጥርስ ወደ ግራ። ሁሉንም መልስ። በዚህኛው ዙር 40 ደቂቃ ብቻ ፈጀብኝ፤ የተረፈ ቡሎንም የለም።

እሑድ

ስካነሩን ልመልስ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

«ኮድ?»

«የለም።»

«ክላክስ?»

«ሰምተውኛል አይደል?»

«ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶሃል።»

ሬዚስተሯን ጠየቁኝ። ከኪሴ አወጣሁ። በናስትሮ ጠቀለሏትና በእስክሪብቶ ጻፉባት፦ «2.2 ኦም። ለፈተና ብቻ። መኪና ውስጥ አትቅር።» ከዚያ የራሳቸው መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ከተቷት። የኔ ናት ልል ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት።